ቀኙ ከግራው የበለጠ ዕለት

የሒሳብ ሠራተኛ የሆንኩት ሒሳብ ስለማውቅ አይደለም፤ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። ለትሕትና የምናገር እንዳይመስላችሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ጽሕፈቷ ስለሚያምር ተመርጣለች» ተብሎ በግልጽ ሰፍሯል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እውነትም ያምራል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖ፣ አንኮበር እናቴ ቤት ተመልሼ ተቀምጫለሁ። የገበሬዎቹ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ሱቅ ነበረው። ስኳር፣ ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ ሲመጣ ይሸጣል፤ ሳይመጣ ሲቀር ስለሚመጣበት ቀን ስብሰባ ይደረጋል። ታዲያ ሱቁ ደንበኛ የሒሳብ መዝገብ እንዲኖረው ከበላይ አካል መመሪያ ወረደ። የበላይ አካል ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንኮበር ሆነን ስናስበው ደብረ ብርሃን ያለ ይመስለን ነበር። ደብረ ብርሃን ስሄድ እነሱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ላይ ያያሉ።

እዚያው ደብረ ብርሃን የሁለት ሳምንት ኮርስ ተሰጠን። አዳራሹ ከመብረዱ የተነሣ አስተማሪያችን ጓንቱን ሳያወልቅ ነበር በጠመኔ የሚጽፈው። ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ማንኛውም ሥራ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። የግራው ዴቢት፣ የቀኙ ክሬዲት ይባላል። ስኳር በጥሬ ገንዘብ ሲሸጥ የገንዘቡ ገጽ ላይ በግራ፣ የሽያጩ ገጽ ላይ በቀኝ ይጻፋል። በዱቤ ሲሸጥ ደግሞ በግራ የሚጻፈው የተበዳሪው ስም ያለበት ገጽ ላይ ነው። ገጾቹ የተጠረዙበት ትልቁ መዝገብ ሌጀር ይባላል። ሦስት ወር ሲሞላ የግራው ሁሉ ይደመራል፤ የቀኙም ሁሉ ይደመራል። የሙከራ ሚዛን ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱ ድምሮች እኩል መምጣት አለባቸው።

ከእነዋሪ የመጡ አንድ ጎልማሳ እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ኩንታል ስንዴ ሸጬ ሁለት ጊዜ ከጻፍኩት፣ ሁለተኛው ኩንታል የት ገባ ያሉኝ እንደሆነ ምን እመልሳለሁ?»

«ሁለተኛ ኩንታል የለም። አንዱ ኩንታል ነው ሁለት ቦታ የሚታየው።»

ጎልማሳው ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በኋላ ሲጽፉ አላየኋቸውም።

እኔም በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠይቄያለሁ። «እኩል ከመጣ ስህተት የለም ማለት ነው?» አልኩ። አስተማሪው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «እኩል ከመጣ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ» አለኝ። የኮርሱ ፍሬ ነገር ይህ እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

የሱቁ ሻጭና ንብረት ያዥ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። ቀድሞ እዚያው ቁልቁል የራሳቸው ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ነበሩ። ሱቁ ሲቀር ማኅበሩ ልምድ አላቸው ብሎ ቀጠራቸው፤ በኋላ ደግሞ ያንኑ ልምዳቸውን ጠረጠረው። መጻፍ ይችላሉ፣ ግን አይወዱም። የሸጡትን ሁሉ በቃላቸው ይይዙና ሱቁ ሲዘጋ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ልፈትናቸው ብዬ የጥቅምትን ሽያጭ በኅዳር ጠየቅኳቸው። ከነሳንቲሙ ነገሩኝና «ምነው ልጄ፣ ጠፋብሽ እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ።

የመጀመሪያው ሩብ ዓመት አለቀ። ደመርኩ። ሰባት ጊዜ ደመርኩ። ስድስቱን ጊዜ ቀኙ ከግራው በስልሳ ሦስት ብር ከአርባ ሳንቲም በልጦ መጣ። አንዱን ጊዜ በሦስት መቶ ብር በለጠ፤ እሱን ለማንም ሳልናገር ቀደድኩት።

ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ጓድ አሰፋ ቢሮ ሄድኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ጓድ ስለሆነ አንተ መባል አለበት፤ ሊቀመንበር ስለሆነ ደግሞ እርስዎ። እኔ አንተም እርስዎም የማይገባበት ዓረፍተ ነገር መሥራት ለምጄ ነበር። አድካሚ ነው፤ ሰው ግን ይለምደዋል።

«የሙከራ ሚዛኑ እኩል አልመጣም» አልኩ።

«የትኛው በለጠ?»

«ቀኙ።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ቀኙ? ከግራው በለጠ?»

«በስልሳ ሦስት ብር ከአርባ ሳንቲም።»

«ጓዲት፣ ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«ለእናቴ።»

«ምን አሉ?»

«ድጋሚ ደምሪው አለችኝ።»

«በአብዮታዊት አገር ቀኙ ከግራው በልጦ ወደ በላይ አካል የሚሄድ ወረቀት የለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩ ምስጢር ነው።»

ሰባት አባላት ያሉት የሥራ አመራር ኮሚቴ በምስጢር ተሰበሰበ። ስብሰባው ሁለት ቀን ፈጀ። አንዱ አባል መዝገቡ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ በጭነት መኪና ላይ ተንገላቶ እንደሆነ ይጣራ አሉ። ሌላው አባል ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ጓዲት የምትጽፈው በቀኝ እጇ ነው። ለምን በግራዋ አትሞክረውም?» አሉ። ሞከርኩ። ጽሑፌ ተበላሸ እንጂ ድምሩ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛው፣ ምራቃቸውን የዋጡ ገበሬ፣ መፍትሔ ይዘው ተነሡ።

«ምን ያከራክረናል? ከቀኙ ላይ ስልሳ ሦስቱን ብር ከነአርባ ሳንቲሙ እናንሣና ለግራው እንስጠው። መሬቱንስ እንዲሁ አይደል ያደረግነው?»

«ያን ጊዜ ግራው በስልሳ ሦስት ብር ከአርባ ይበልጣል» አልኩ።

«ይብለጣ!»

ጓድ አሰፋ ሐሳቡን ወዶት ነበር። ደብረ ብርሃን የሚፈልጉት እኩል እንዲመጣ ነው ብዬ ባላስታውሰው ኖሮ እጅ ይወጣበት ነበር። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው፦ «ግራና ቀኙ ከዛሬ ጀምሮ እኩል እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» በጥሩ ጽሕፈት ገለበጥኩት። ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ እንደገና ደመርኩ። ውሳኔው ለመዝገቡ አልደረሰውም ነበር።

በማግሥቱ ሰኞ ጓድ አሰፋ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ሲያስብ አድሮ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል።

«ለግራው የጎደለው ስልሳ ሦስት ከአርባ ነው አይደል? በግራ በኩል ጻፊው።»

«ምን ተብሎ?»

«የአሻጥር ሒሳብ።»

ዝም ብዬ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ይህን የማወጋችሁ ነገር አይኖርም ነበር። ከኮርሱ በትክክል የያዝኩትን አንድ ነገር ግን ለዚያች ሰዓት አስቀምጬው ኖሯል።

«የሚፈለግ ገንዘብ ሲሆን ገጹ የሰው ስም ያስፈልገዋል። ያለ ስም አይከፈትም» አልኩ።

ጓድ አሰፋ አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«ጋሽ ሰይድ ዘንድ።»

«በሱ ስም ክፈቺው።»

ከፈትኩ። ግራና ቀኙ እኩል መጣ፤ አንዲት ሳንቲም አልተዛነፈችም። ወረቀቱ ማኅተም ተመታበት፣ «በቁጥጥር ሥር ያሉ አሻጥረኞች ብዛት፦ አንድ፤ ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ርክክብ ይፈጸም» የሚል ደብዳቤ ተያያዘለት፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። ደብዳቤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ ከሱቁ ጀርባ ባለው ባዶ የእህል መጋዘን ታሰሩ።

አንዳንድ ሰው ስህተት ሲሠራ ይጮኻል፣ ያለቅሳል። እኔ የእርሳስ ጫፍ እቀርጻለሁ። በዚያ ሳምንት ሦስት እርሳስ ጨርሻለሁ።

ምርመራው የተካሄደው ከቢሮዬ ግድግዳ ጀርባ ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ።

«የሕዝብ ሀብት አጉድለሃል» ይላል ጓድ አሰፋ።

«ስንት?» ይላሉ ጋሽ ሰይድ።

«እሱን አንተ ታውቀዋለህ።»

«ወላሂ አላውቅም።»

«ብትናገር ታውቃለህ ማለት ነው። ባትናገር ትደብቃለህ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለኔ የተተወልኝ የትኛው ነው?»

ጋሽ ሰይድ ነጋዴ ስለነበሩ ነገሩን በሚያውቁት መንገድ ሊጨርሱት ሞከሩ።

«እሺ፣ አሥር ብር?»

ዝም።

«ሃያ?»

ዝም።

«ጨምር ነው ቀንስ?»

«ሞላ፣ ጻፍ! ሃያ ብር አመነ!» አለ ጓድ አሰፋ። ሞላ የአብዮት ጥበቃ ዘበኛ ነው፤ ጠመንጃ እንጂ እርሳስ ይዞ አያውቅም። እርሳስ ሊዋስ ወደኔ መጣ። የለኝም አልኩት። በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ጥቂት ውሸቶች አንዱ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ስልሳ ሦስት ብር ከአርባውን ጋሽ ሰይድ ቁጥሩ ቢነገራቸው ተበድረውም ቢሆን ሊከፍሉት ይችሉ ነበር። «አመነ» ከተባሉ ወዲህ ግን «ያልበላሁትን አልከፍልም» አሉ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ከተወሰዱ ግን የቀድሞ ነጋዴ ናቸው፣ አሻጥረኛ የሚል ደብዳቤ ቀድሟቸዋል፤ በዚያ ደብዳቤ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አያነሣውም።

ባለቤታቸው ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው ስንቅ የሚያደርሱት በየሦስት ቀኑ ነበር። በመካከሉ ባሉት ቀናት እኔ ወሰድኩ። ሐሙስ ዕለት ዳቦና ሽሮ፣ በፔርሙዝ ሻይ ይዤ ሄድኩ። ሞላ በሩን ከፈተልኝና፣ «ስለ ሒሳብ ማውራት ክልክል ነው» አለ።

ጋሽ ሰይድ የቆላ ሰው ናቸው፤ ከአንኮበር ጭጋግ ጋር አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም። ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው ተከናንበው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ትኩስ ነበር።

«ልጄ፣ ቅዳሜ ይወስዱኛል» አሉ። «እዚያ ሲጠይቁኝ ልመን ብል እንኳ ቁጥሩን አላውቀውም። ስንት ነው?»

ሞላ ጀርባውን ሰጥቶን ሲጋራ ይለኩሳል። ፔርሙዙን እየከደንኩ፣ «ስልሳ ሦስት ከአርባ» አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የጎረሱትን አልዋጡም።

«አሥራ አምስት ሜትር አቡጀዲ፣ ሠላሳ ሦስት ብር። ስምንት ኪሎ ስኳር፣ አሥራ አራት ከአርባ። አሥር ሊትር ላምባ፣ አሥር። ሁለት ፓኬት ሻማ፣ ስድስት። የአቶ ደምሴ ባለቤት ያረፉ ዕለት በዱቤ የወጣ ነው። ነግሬሽም ነበር። አልጻፍሽውም?»

ሰባት የኮሚቴ አባላት፣ አንድ ሊቀመንበርና አንድ ሌጀር ከሳምንት በላይ ያላገኙትን ሰውየው በአንድ ጉርሻ አገኙት። ቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ምስጢር ነው ተብዬ ነበርና፣ ምስጢር ጠባቂ ነኝ።

ጽፌዋለሁ። ግማሹን። አቶ ደምሴ ከኛ ቤት በላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የዚያን ዕለት ማታ ሽያጩን በቀኝ በኩል ጻፍኩ። ከዚያ የአቶ ደምሴን ገጽ ከፍቼ በግራ በኩል ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። በኛ ሰፈር ሐዘን ላይ ላለ ሰው አርባው ሳይወጣ ዕዳ አይነሣበትም። ገንዘብ የሚፈልግበት ሰው እንኳ ሊያጽናና ሲሄድ እንዳያስታውሰው ብሎ ከሰውየው ርቆ ይቀመጣል። ባለቤታቸው የተገነዙበትን አቡጀዲ ቀብሩ ባለፈ በሰዓታት ውስጥ በአቶ ደምሴ ስም «ይፈለግበታል» ብዬ መጻፍ ነውር መሰለኝ። አርባው ሲወጣ እጽፈዋለሁ አልኩ። ሌጀር ለቅሶ እንደማይደርስ አላሰብኩም። ከዚያም ረሳሁት።

ይህን ለጋሽ ሰይድ ስነግራቸው ጉርሻቸውን ዋጡ።

«ጨዋ አሳድጋሻለች» አሉ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልጠየቅኩም።

ዓርብ ጠዋት ሌጀሩን ታቅፌ ጓድ አሰፋ ቢሮ ገባሁ።

«ስህተቱ ተገኝቷል። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ስህተት? እኩል ሆኖ ተልኳል።»

አስረዳሁ። ከጋሽ ሰይድ ስም ተሠርዞ በአቶ ደምሴ ገጽ ላይ መጻፍ ብቻ ነው አልኩ፤ አንድ መስመር ነው።

«ድምሩን ይነካዋል?»

«አይነካውም።»

«እኩልነቱስ?»

«እንዳለ ነው።»

ፊቱ ፈታ አለ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? አዛውሪዋ!»

እዚያው ቆሜ አዛወርኩ። ጓድ አሰፋ ፈረመበትና በመስኮቱ ተጣራ። «ሞላ! ሰይድን ልቀቀው!»

ሌጀሩን ከደንኩ።

«ከዚያ ደምሴን ይዘህ ና!»

«አቶ ደምሴ ምን አደረጉ?» አልኩ። «ዱቤ ነው የወሰዱት። ሱቁ ለአባል ዱቤ ይሰጣል። ሐዘን ላይ ናቸው፤ አርባው ገና ነው።»

«ጓዲት፣ ሰውየው ምንም አላደረገም» አለ ጓድ አሰፋ በትዕግሥት። «ግን አንድ እስረኛ ብለን ጽፈናል። ማኅተም አርፎበታል። ነገ ሊረከቡ ሲመጡ ባዶ መጋዘን ከፍቼ ላሳያቸው? ወረቀቱ ላይ አንድ ከሆነ መጋዘኑም ውስጥ አንድ መሆን አለበት።»

ደብረ ብርሃን አብረውኝ ከተማሩት ውስጥ የሙከራ ሚዛን ይህን ያህል የገባው ሰው አላስታውስም።

ሞላ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ላይኛው መንደር መንገድ ሲጀምር በመስኮቱ አየሁት። አቶ ደምሴ ቤት በር ላይ አሁንም የለቅሶ ድንጋይ መቀመጫዎቹ አልተነሡም። በሕይወቴ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ትንሽ ጮክ አልኩ።

«ያልተጻፈው በኔ ነው። እስረኛዋ እኔ ልሁን።»

ጓድ አሰፋ የደብዳቤውን ቅጂ ከመሳቢያው አውጥቶ አነበበው። ሁለተኛም አነበበው።

«ወንድ ይሁን ሴት አልጻፍንም» አለ። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ ገባው። «ሌጀሩን ማን ይጽፋል?»

«ይዤው እገባለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ሞላ ከመንገድ ተጠራ፤ እኔም ሌጀሬን፣ እርሳሴንና የእናቴን ጋቢ ይዤ መጋዘን ገባሁ።

ሐሳብ እንዳይገባችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቅዳሜ መኪናው ጨው ብቻ ጭኖ መጣ። ሾፌሩ ስለ እስረኛ የነገረው እንደሌለ ተናገረ፤ ደብዳቤያችንን ደብረ ብርሃን ያነበበው ሰው አልነበረም፤ ያዩት ድምሩን ነው፤ እኩል ነበር፤ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ጨዉን የሚመዘግብ ሰው ስላስፈለገ እኔም ተፈታሁ። አቶ ደምሴ አርባው በወጣ በማግሥቱ መጥተው ስልሳ ሦስት ብር ከአርባቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ቆጠሩልኝ፤ በእሳቸው ዱቤ ሰበብ የታሰረ ሰው እንደነበር የነገራቸው የለም፤ እኔም አልነገርኩም።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ ነው። ዓርብ ቀን፣ ቅዳሜ ምን እንደሚሆን ሳላውቅ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነበር። ብርዱ እውነትም ክፉ ነው፤ ጋሽ ሰይድ አራት ቀን እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። በምሳ ሰዓት በሩ ተከፈተ፤ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዘው ቆመዋል።

«ስለ ሒሳብ ማውራት ክልክል ነው» አለ ሞላ።

«ምሳ ነው ያመጣሁት፣ ምን ሆነሃል?» አሉትና ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

ሳህኑን ሳየው ዳቦው ከጎረቤት ሻይ ቤት የተገዛ እንደሆነ አወቅኩ። ደመወዝ ደግሞ አልወጣም ነበር፤ በዱቤ ነው ያመጡት።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይህ በኔ ስም ይያዝ» አልኩ።

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ፤ ጢማቸው ሥር ፈገግታቸውን ደበቁ። «የታሰረ ሰው ላይ ዕዳ ይጻፋል? ነውር አይደለም? እስክትፈቺ እታገሣለሁ።»

«ይጻፍ» አልኳቸው። «አሁኑኑ ይጻፍ።»